ለሽማግሌው ምንጭ ፍለጋ

አሶሳ ውስጥ የምውልበት ጌም ቤት ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጥላው የጎረቤት ማንጎ ነው። ቴሌቪዥኑ ከሱዳን በኩርሙክ በኩል የገባ ስለሆነ ሲከፈት በዐረብኛ ሰላምታ ይሰጣል። የጆይስቲኩ ጌም ማስቆሚያ ቁልፍ ደግሞ ከተነቀለ ቆይቷል። ስለዚህ እኛ ቤት የተጀመረ ጌም አይቆምም። ለሶላት የሚወጣ ተጫዋች ገጸ ባሕሪውን ጠላት ወደማይደርስበት ወንዝ ዳር ይወስድና፣ ባጃጅ እንደሚያቆም ሰው ጥግ አስይዞት ይሄዳል።

ያን ሰሞን የያዘን ጌም አንድ መንገደኛ ወንዝ እየተከተለ አገር የሚያቋርጥበት ነበር። ወንዙ ላይ ጀልባ የሚቀዝፍ ሽማግሌ አለ። ከመቅዘፍ በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ቢያናግሩትም አይመልስም።

በሌላው ቀን ሰጋጆቹ ቶሎ ይመለሳሉ። አርብ ግን ጁምዓ ነውና ቤቱ ጭር ይላል፣ እኔም ጠባቂ ሆኜ እቀራለሁ። ወላጆቼ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ መምህራን ናቸው፤ ከቤቱ ደንበኞች ክርስቲያኑ እኔ ብቻ ነኝ። ጥበቃውን የተቀበልኩት ግጥም ለመጻፍ ይመቻል ብዬ ነው። እርግጥ አንድ ስንኝ እስክጨርስ ደጋግሜ የምነሳና የምቀመጥ ሰው ነኝ።

አንድ አርብ ስልኬ ላይ ስንኝ እያፈረስኩ ቀና ስል፣ ሽማግሌው ጀልባውን አሰረ። ወደ ዳር ወጣ። መጥቶ መንገደኛው አጠገብ ቁጭ አለ፣ ጫማውን አወለቀና እግሩን ውሃው ውስጥ ከተተ።

ሲመለሱ በሩ ላይ ጠብቄ ነገርኳቸው። የጌም ቤቱ ባለቤት የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ አማርኛን ያወቀው በንግድ ነው።

«ወላሂ?» አለኝ። «ሌላ ማን አየ?»

«ማንም።»

«አንተ ብቻ አየ?»

«እኔ ብቻ።»

ወደ ቤቱ ዞሮ «ገጣሚው ሽማግሌ አየ!» ብሎ አወጀ።

«ግጥም አነበበልህ?» አለኝ አንዱ፣ ሁሌም ጥግ ይዞ የሚቀመጠው ነገረኛ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ጌሙን የሚወዱ ሰዎች ከየአገሩ ሆነው በጋራ የሚጽፉት ዊኪ አለ። እዚያ ገብቼ ስለ ሽማግሌው አንድ አንቀጽ ጻፍኩ። ስለ እግሩ ድካም፣ ስለ ውሃው ትዕግሥት፣ ስለ ብቸኝነት። በማግስቱ ስከፍተው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀርቷል፦ «ተጫዋቹ ምንም ሳይነካ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ሽማግሌው አጠገቡ ይቀመጣል።» ከጎኑ በቅንፍ «ምንጭ ያስፈልጋል» የሚል ተለጥፎበታል። የቆረጠው የገጹ አራሚ ነው፤ አገሩን የማላውቀው በጎ ፈቃደኛ።

«በዓይኔ አይቻለሁ» ብዬ ጻፍኩለት።

«ዓይንህን ሊንክ ማድረግ አይቻልም» አለኝ። «ያልተቆራረጠ ቪዲዮ አምጣ። ጆይስቲኩን ማንም እንዳልነካው ይታይ። በሳምንት ውስጥ ካልመጣ ዓረፍተ ነገሩን አጠፋዋለሁ።»

በሳምንት ውስጥ ያለው አርብ ደግሞ አንድ ነው። በሌላ ቀን ያን ያህል ሰዓት ጌሙን ሥራ የሚያስፈታ ባለቤት የለም። ነገሩ የዊኪ ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። ግን በዚያ ቤት ገጣሚ ማለት ትንሽ የሚዋሽ ሰው ማለት ነው። አንዴ እንኳ አየሁ ስል «አዎ፣ አይቷል» እንዲባልልኝ ፈለግኩ።

አርብ ደረሰ፣ ወጡ። ቴሌቪዥኑም ጆይስቲኩም አብረው እንዲታዩ አድርጌ ስልኬን የውሃ ጆግ ላይ አስደገፍኩ። ጆይስቲኩ የቀርከሃው አግዳሚ ላይ ትንሽ ጠመም ብሎ ተቀምጧል። ላቃናው እጄን በላኝ። ሁለቱንም እጆቼን ከጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩባቸው። አፍንጫዬን በላኝ። አንገቴን በላኝ። መብራት እንዳይጠፋ ለማን እንደምለምን ሳላውቅ ለመንኩ።

ሽማግሌው ጀልባውን አሰረ። ልክ እግሩን ሲያነሳ ጣሪያው ድው! አለ። ከመቀመጫዬ ዘለልኩ፤ ጉልበቴ አግዳሚውን ለጥቂት ሳተው። የበሰለ ማንጎ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ እየተንከባለለ ወደ ጓሮ ወረደ። ጆይስቲኩ ንቅንቅ አላለም። ሽማግሌውም ማንጎ እንደማያስፈራው ሰው መጥቶ ቁጭ አለ።

ከጁምዓ መልስ ሁሉም ስልኬ ላይ ተደፉ። «አየ» አለ ባለቤቱ። «ወላሂ፣ አየ!»

«ግጥም ግን አላነበበም» አለ ነገረኛው፣ ከስልኩ ዓይኑን ሳይነቅል።

አራሚውም አመነ። ቅንፉን አነሳ፣ ቪዲዮዬን የግርጌ ማስታወሻ አደረገው። ከዚያ ቀጥሎ ግን ከራሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፦ «ሽማግሌው ከመቀመጡ በፊት ነጎድጓድ ይሰማል።» ምንጭ፦ የእኔው ቪዲዮ።

ደጋግሜ አነበብኩት። አማረኝ። በጠራ ሰማይ ሥር ነጎድጓድ፣ ከዚያ ጫማውን የሚያወልቅ ሽማግሌ! እኔ ከጻፍኩት አንቀጽ ሁሉ ይበልጣል፣ ምንጭም አለው። ለባለቤቱ አሳየሁት።

«ማንጎ ነች» አለ።

«አውቃለሁ። ነጎድጓድ ግን ያምራል።»

ስልኩን መለሰልኝ። «ገጣሚው፣ እኔ አንተን ገና አሁን አመንኩ። አታበላሽ። ማንጎ ነች በለው።»

በለው ያለኝን ለአራሚው ጻፍኩለት፦ «ነጎድጓዱ የጌሙ አይደለም። ጣሪያችን ላይ የወደቀ ማንጎ ነው።»

መልሱ ወዲያው መጣ። አንድ ቃል ነው፦ «ምንጭ?»

ይኸው ከዛፉ ሥር ቆሜያለሁ። ስልኬን ጣሪያው ላይ ወደተንጠለጠለው ቅርንጫፍ አነጣጥሬ፣ ክንዴ እየዛለ፣ ከሁሉ የበሰለውን ማንጎ አፍጥጬ እያየሁ። ቤት ውስጥ ያሉት በቀርከሃው ክፍተት እያዩኝ ይስቃሉ።

«ወደቀች?» ይላል ባለቤቱ በየመሃሉ።

«አልወደቀችም።»

ክንዴን ላሳርፍ ስልኩን ዝቅ ሳደርግ፣ ከጣሪያው በወዲያኛው በኩል ድው አለ።