በሩን የዘጉት ሰው

ጋሽ ሙሄዲን መርሳ ከተማ ዳር ባለው የሙያ ማሠልጠኛ በር ላይ ዘበኛ ሆነው ሲቆሙ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል ከተባለ ይዘጋል። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድማቸውን ልጅ ውጭ አስቀርተውት፣ ወንድማቸው ግማሽ ዓመት ሙሉ ሳያነጋግራቸው ከርሟል።

የማሠልጠኛው ደንብ ጥብቅ ነበር። ያረፈደ አይገባም፤ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ያረፈደ ይሰናበታል።

ቡርቱካን የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሠልጣኝ ነበረች። ባሏ ሞቶባት ውርጌሳ ከእናቷ ጋር የምትኖር የሃያ አራት ዓመት ሴት ናት። ከውርጌሳ የሚነሳው ሚኒባስ ደግሞ ካልሞላ አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ ያረፈደች ዕለት ሰዓቱ በስምንት ደቂቃ ነው ያለፋት።

«ጋሼ፣ መኪናው አልሞላ ብሎ ነው» አለች እያለከለከች።

«ነገ ቀደም በይ» አሏትና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።

ወደ ቤቷ የምትመለስ መስሏቸው ነበር። አልተመለሰችም። የኤሌክትሪክ ወርክሾፑ ጀርባ ከአጥሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ በውጭ በኩል ዞራ መስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ የአሠልጣኙን ድምፅ እየሰማች ስትጽፍ አረፈደች። ጋሽ ሙሄዲን ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ አዩዋት። ውሃቸውን ቀድተው ወደ በራቸው ተመለሱ።

ሁለተኛ ጊዜ አረፈደች፤ እንደገና መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ሦስተኛ ጊዜ ባረፈደች ማግስት የስንብት ደብዳቤዋን ተቀብላ ስትወጣ አላለቀሰችም። ከቦርሳዋ ፒንሳና የኤሌክትሪክ መሞከሪያ ቴስተር አውጥታ ዘረጋችላቸው።

«የማሠልጠኛው ዕቃ ነው ጋሼ። ለአሠልጣኜ ይስጡልኝ» አለችና ሄደች።

ጋሽ ሙሄዲን ፒንሳውን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ የበሩን መዝገብ አውጥተው ገለጡት። ዓመቱ ከገባ ወዲህ ሥልጠናቸውን አቋርጠው የወጡት አሥራ ሰባት ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ አሥራ አንዱ በማርፈድ።

ማታ ለባለቤታቸው ለአሚና ነገሯት።

«ለምን እንደሚያረፍዱ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?» አለች።

«እኔ ምን አገባኝ? በር ጠባቂ ነኝ እንጂ።»

«እኮ! ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መጨረሻ የሚያያቸው ሰው አንተ አይደለህም?»

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀናቸው ከመዝገቡ ላይ ስሞቹን በወረቀት ገልብጠው ተነሡ። እንዲህ እያሉ በየዕረፍት ቀናቸው ከመርሳ ሲሪንቃ፣ ከሲሪንቃ ሐራ ተመላለሱ። ሲሪንቃ ላይ ማህሌትን አገኟት፤ የቧንቧ ሥራ ሠልጣኝ የነበረች ናት። ወልዳ ሕፃኑን የምታስቀምጥበት ቦታ አጥታ ነው የቀረችው። እዚያው መርሳ ውስጥ ሲራጅ አለ። አንድ እግሩን ያጣ፣ በክራንች የሚሄድ ወጣት ነው። እጁ ለብየዳ የተፈጠረ ነው ይባልለታል፤ ነገር ግን የብየዳው ወርክሾፕ ዘጠኝ ደረጃ ከፍ ብሎ ነው የተሠራው፤ ዝናብ ሲጥል ሁለት ጊዜ ከደረጃው ወድቋል።

«ሦስተኛውን አልጠብቅም ብዬ ነው ጋሼ» አላቸው እየሳቀ። ሳቁ አላማራቸውም።

ስሞቹ ሲያልቁ የመምህራን ስብሰባ ወዳለበት ክፍል ገቡ። ዘበኛ ስብሰባ ገብቶ አያውቅምና ሁሉም ዞሮ አያቸው። ዲኑ አቶ ገዛኸኝ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ምን ሆነው ነው ጋሽ ሙሄዲን?»

«አንድ ነገር ልናገር ብዬ ነው።» ወረቀቱን ዘርግተው እያንዳንዱን ስምና እያንዳንዱን ምክንያት አነበቡ።

«ደንቡ እኮ እኛ ያወጣነው አይደለም፤ ከላይ የመጣ ነው» አለ አንዱ መምህር።

«ይሆናል። በሩን የምዘጋው ግን እኔ ነኝ። አሥራ አንዱን በዚህ እጄ ነው የመለስኳቸው። ሰነፎች መስለውኝ ነበር፤ ወላሂ አንድም ሰነፍ አላገኘሁም።» ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እንደ ድሮው ከሆነ ሌላ ሰው ይያዘው።»

አቶ ገዛኸኝ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

«ሥልጠናው በግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ቢጀምርና ከሰዓት በኋላ ቢካካስ፣ ሰማይ አይደፋብንም» አለ። «አንድ ወር እንሞክረው። በበላይ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ቁልፍዎን ይያዙ።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየተቀጣጠለ ሄደ። የግንባታ ሠልጣኞች «እኛ እያለን!» ብለው ከደረጃው ጎን ክራንች የሚያስኬድ ተዳፋት መውጫ በኮንክሪት ሠሩ፤ አሠልጣኛቸውም እንደ ተግባር ፈተና ቆጥሮ ውጤት ሰጣቸው። ከበሩ አጠገብ ያለችው አሮጌ የዘበኛ ክፍል የሠልጣኞች ሕፃናት መዋያ እንድትሆን ተጠርጋ ኖራ ተቀባች። ሕፃናቱን ማን ይጠብቅ ሲባል አሚና «ስድስት ልጅ ያሳደግሁት ለምን ነበር?» ብላ ምንጣፏን ይዛ መጣች።

የሚኒባሱ ነገር ግን አስቸገረ። ሹፌሮቹ ሳይሞላ አንነሳም አሉ፤ ተራ አስከባሪውም ቆጣ አለ። ጋሽ ሙሄዲን አሰቡት። ከውርጌሳና ከዙሪያዋ የሚመጡ ዘጠኝ ሠልጣኞች አሉ፤ እዚያው የሚያድሩ ሁለት መምህራንም አሉ፤ ሁሉም ግን በየፊናቸው ነው የሚመጡት። አንድ ላይ ሆነው ጠዋት በአንድ ሰዓት ቢሰበሰቡ መኪናው በራሳቸው ይሞላል! ተራ አስከባሪው ይህን ሲሰማ «ይሄማ ቀላል ነው» ብሎ ሳቀ።

የተሰናበቱትም እንዲመለሱ ተፈቀደ፤ ቡርቱካን ግን አልመጣችም። መልእክት ላኩላት፤ መልስ የለም። ስለዚህ ራሳቸው ሄዱ። ግቢ ውስጥ ልብስ ስታጥብ ደረሱ።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም ጋሼ» አለች እጇን እያደራረቀች። «ለዚያ ጉዳይ ከሆነ የመጡት፣ ይተዉኝ። ሁለተኛ በር ላይ ቆሜ አልለምንም።»

«ልክ ነሽ» አሉ። ዱላቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ፤ ለማንም ጎንበስ ብለው የማያውቁት ሰው። «መስኮቱ ሥር ተቀምጠሽ አይቼሻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። አፉ በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

ቡርቱካን ደነገጠች። «ኧረ ጋሼ! ኧረ በአላህ ቀና ይበሉ!»

«አፉ ካልሽኝ ነው ቀና የምለው።»

«አፉ ብያለሁ! አፉ!» አለች፤ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። በማግስቱ ከውርጌሳ በተነሳው ሚኒባስ ውስጥ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ መጣች።

ከአሥራ ሰባቱ አሥራ ሦስቱ ተመለሱ። አንዳንድ ቀን ሕፃናቱ ሲጮኹ የሚያጉረመርም መምህር አልጠፋም፤ አንዳንድ ቀን መኪናው ተበላሽቶ ባጃጅ ተለምኗል። የሙከራው ወር ሲያልቅ ግን ወደ ድሮው እንመለስ ያለ ሰው አልነበረም።

በሰኔ ወልዲያ ለብቃት ምዘና ሄዱ። ሲራጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ በይዶ ሲጨርስ መዛኙ የቀዘቀዘውን የብየዳ ስፌት በጣቱ ዳሰሰና «ማነው ያስተማረህ?» ብሎ ጠየቀው። ማህሌት የተሰጣትን ቧንቧ ገጣጥማ ውሃ ሲለቀቅበት አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ቡርቱካን የዘረጋችው መስመር ላይ ማብሪያውን ስትጫን አምፖሎቹ ሁሉ በአንዴ በሩ።

ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ግቢው ተናወጠ። ከአሥራ ሦስቱ አሥራ ሁለቱ አልፈዋል፤ አንዱም በኋላ በድጋሚ ምዘና አልፎ ተከተላቸው። ሠልጣኞቹ ጋሽ ሙሄዲንን ከበው ወደ ላይ አነሷቸው። «አውርዱኝ! ወገቤን!» እያሉ ይጮሃሉ፤ አሚና ሕፃን አቅፋ እልልታዋን ታቀልጠዋለች። አቶ ገዛኸኝ ከቢሮው ወጥቶ ከሁሉም አስበልጦ አጨበጨበ።

ዛሬ ሲራጅ መርሳ አስፋልቱ ዳር የብየዳ ቤት ከፍቷል፤ ሁለት ሠራተኞችም አሉት። በሲሪንቃ ቧንቧ የተበላሸበት ሁሉ የሚጠራው ማህሌትን ነው። ቡርቱካን እስከ ወልዲያ ድረስ ለአዳዲስ ቤቶች መስመር ትዘረጋለች፤ ሰው ጣሪያ ላይ ሲያያት መጀመሪያ ይገረም ነበር፤ አሁን ለምዷታል።

ጋሽ ሙሄዲንም ከበሩ ተነሥተዋል። አቶ ገዛኸኝ በምዝገባ ወቅት ከመዝጋቢዋ አጠገብ ወንበር ሰጥቷቸዋል። አዲስ አመልካች ቅጹን ሞልቶ ሲጨርስ ወደ እሳቸው ያልፋል። ባለፈው መስከረም አንዲት ከሐራ የመጣች ልጅ ፊታቸው ቆመች።

«ሥልጠናውን እንዳትጨርሺ የሚያደርግሽ ነገር ምንድን ነው?» አሏት።

«ምንም የለም አባባ» አለች ቶሎ ብላ፣ እንዳይመልሷት ፈርታ።

ጋሽ ሙሄዲን ፈገግ አሉና ከጎናቸው ያለውን ወንበር ሳቡላት።

«አለ እንጂ። ቁጭ በይና አጫውቺኝ።»