ፈጥኖ የዞረው ሸክላ

ሜክሲኮ አደባባይ ስልክ መጠገኛ ቤት ተቀምጬ የብየዳው ጭስ ሲሸተኝ የልጅነቴ ነገር ትዝ አለኝ።

ልጆች ሳለን አብነት ሰፈር ቤታችን ውስጥ እኔና እህቴ ከተጣለ ቬንትሌተር ሞተር፣ ከድስት ክዳንና ከስፌት መርፌ የሸክላ ማጫወቻ በይደን ሠርተን ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ይህን ሰምተው፣ ሟች ባለቤታቸው የዘፈኑበትን ሸክላ አቅፈው መጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ድምፃቸውን ሰምተውት አያውቁም ነበር።

ሞተሩ ግን ከልክ በላይ ፈጠነ። የሰውየው ድምፅ ቀጥኖ የሕፃን ልጅ ድምፅ ሆነ። ደንግጬ ሸክላውን በጣቴ ላዘገየው ስል እትዬ አልማዝ እጄን ያዙኝ።

«ተይው ልጄ፤ በልጅነቱ እኮ አላውቀውም ነበር» አሉኝ።

እስኪያልቅ ሰምተው፣ ሸክላቸውን ይዘው ወጡ። በማግስቱ ሞተሩን አስተካክለን ብንጠራቸውም አልመጡም። ዛሬም «እውነተኛውን ድምፅ ፈርተው ይሆን ወይስ ያው የሕፃን ድምፅ በቅቷቸው?» እያልኩ ብቻዬን እሟገታለሁ።