የሰመረ የመሰለኝ ስለት

ነርሷ "አስተርጓሚ ልጥራ?" ስትል፣ "ለገዛ ባሌ? እኔ እያለሁ?" አልኳት። አሜሪካ፣ ሮዝቪል ከተማ ያለ ክሊኒክ ውስጥ ነን። ባሌ ሲጋራ ትቶ ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። አሁን ቬፑም አልለቅ ብሎት፣ ሱሱ ምን ያህል እንደጸናበት ሊለኩለት ነው።

ሲጋራውን እንዲተው የተሳልኩት እኔ ነኝ፤ "እመቤቴ፣ አስተዪልኝ፣ ዣንጥላ አስገባለሁ" ብዬ። ተወ። ለንግሥ ዘርፉ ወርቃማ የሆነ ዣንጥላ ይዤ፣ "ባሌን ከሲጋራ ገላገለችልኝ" ብዬ በሕዝብ ፊት መሰከርኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በእልልታ ተናጋ። እሱ መኪና ሊያዛውር ወጥቶ ስለነበር፣ አመለጠው ብዬ አዘንኩለት።

ነርሷ በቀን ስንት ሲጋራ እንደሚያጨስ ጠየቀች። "ዜሮ" አለ። እኔም ደረቴን ነፍቼ "ዜሮ!" አልኩ። ከዚያ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አምጥታ እፍ አስባለችው። ቁጥሩ ወደ ላይ ወጣ።

"ይሄ የሚቃጠል ነገር ጭስ ነው። ከቬፕ አይመጣም" አለች።

ክው አልኩ። "ጎረቤታችን ያጨሳል እኮ" ብዬ ተከራከርኩለት፣ እኔ ሞኟ! እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

"ተናገር እንጂ!" አልኩት።

"ሁለቱንም ነው" አለ።

ሁለቱንም ለሚጠቀም ሰው ሌላ ፎርም አለ። አንድ ጥያቄ ለቬፑ፣ ያው ጥያቄ ደግሞ ለሲጋራው። ከእንቅልፍህ በነቃህ በስንት ደቂቃ ታጨሳለህ? ቬፑን ገና አልጋ ላይ እያለ፤ ሲጋራውን መኪና ውስጥ፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት። ሲጋራው በቀን ስንት? ስድስት። ለካ ያ ሁሉ የሚያኝከው ማስቲካ ሽታውን ለማጥፋት ኖሯል! "ስድስት" አልኳት። የኔ እጅ መቼም አመድ አፋሽ ነው።

"በተከለከለ ቦታ፣ ለምሳሌ ቤተ ክርስቲያን፣ ሳታጨስ መቆየት ይከብድሃል?" ብዬ የሚቀጥለውን ተረጎምኩለት።

"ዣንጥላውን ያስገባሽ ዕለት…" ብሎ አቆመ።

"መኪና ልታዛውር አልነበር እንዴ የወጣኸው?"

"መኪናው የትም አልሄደም።"

እኔን ማታለሉስ ይሁን፤ በእመቤቴ ፊት ውሸታም አደረገኝ! እኔ ውስጥ ቆሜ ስመሰክር፣ እሱ ውጭ ቆሞ ያጨሳል። እሪ ብል ደስ ባለኝ።

ነርሷ እስክሪብቶዋን ይዛ "ምን አለ?" ብላ ትጠብቀኛለች። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ ብያለሁ።

"አዎ" አልኳት። "ይከብደዋል።"