ሲንሲር የተባለው ማር

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አሰላ ገበያ ውስጥ፣ የእናቴን ማር አቧራ ጠጣው። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ።

ነገሩ የተጫረው በዋዜማው የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህራችን ደብዳቤ አጻጻፍ ሲያስተምሩን መጨረሻው ላይ «ዩርስ ሲንሲርሊ» ብለው ጻፉና «ሲንሲር» የሚለውን ቅጽል ለብቻው አወጡት። አፉና ልቡ አንድ የሆነ ሰው ማለት ነው አሉን። ምንጩም ላቲን ነው፤ የሮማ ቀራጮች የእብነ በረዱን ስንጥቅ በሰም እየደፈኑ ገዢ ሲያታልሉ፣ ሐቀኛው «ሲኔ ሴራ»፣ ያለ ሰም፣ ብሎ ይሸጥ ነበር።

«ቲቸር፣ ያለ ሰም ደግሞ ማር ማን አየ?» አለ ገመቹ ከኋላ ወንበር። ክፍሉ በሳቅ አወካ። እኔ ግን የማር ነጋዴ ልጅ ነኝና እጄን አወጣሁ። «የእናቴ ማር ሰም አለው፤ ግን ሲንሲር ነው።» መምህሩ «ጎሽ!» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ገመቹ አልለቀቀኝም። በማግስቱ ሦስት ልጆች አስከትሎ የእናቴ መደብ ፊት ተገተረ። ትልልቆቹ ሲሉ እንደምንሰማው፣ ንጹሕ ማር ደረቅ አቧራ ላይ ሲንጠባጠብ ይድቦለቦላል፤ ስኳር የገባበት ይሰርጋል።

«እትዬ ብርቄ፣ ልጅዎ ማራችን ሲንሲር ነው ብላለች። ሲንሲር ደግሞ አቧራ አይፈራም!»

እናቴ ቃሉን አታውቀውም፤ ፈተናውን ግን ታውቀዋለች። እየሳቀች በማንኪያ ቀዳችና ራሷ አንጠባጠበችው። ማሩ ተንጣለለ፤ ዳር ዳሩ ጠቆረ፤ ከዚያ ሰረገ።

«ኮቱ! ኑ እዩ! ስኳር ነው!» ብሎ ገመቹ በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኸ።

ሰው ከበበን። አንዲት ደንበኛ የገዛችውን ማር መልሳ መደቡ ላይ አስቀመጠች። እናቴ «ከሲሬ ነው፣ ከማምነው ሰው ነው ያመጣሁት» አለች፤ የሚሰማት ግን አልነበረም። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ወደ ቤት ስንሄድ የማሩ ሽታ ከነጠላዋ እየመጣ ያውደኝ ነበር። ልጇ መሆኔ እንዳይታወቅ ወደ ኋላ ቀረሁ።

ያኔ መምህር ያለውንና ትልቅ ሰው ያለውን ማን ይጠይቃል? ዛሬ እንጀራዬ የሰማሁትን ማጣራት ነው። የቃላት አጥኚዎች እንደሚሉት የሰሙ ታሪክ ማስረጃ የለውም። ቃሉ የመጣው ንጹሕ፣ ያልተበረዘ ከሚለው «ሲንኬሩስ» ነው፤ አሁን የሰው ቃልና ስሜት ይገለጽበታል እንጂ ጥንት ባዕድ ነገር ላልገባበት ዕቃም ይባል ነበር። ስለ ማር ዘገባ ስሠራ ያነጋገርኩት የንብ ባለሙያ ደግሞ አቧራ ማርን እንደማይፈትን ነገረኝ። በዝናብ ወቅት የተቆረጠ ማር ውሃ ስለሚበዛው ስኳር ሳይነካውም ይሰርጋል።

የእናቴ ማር ስኳር ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? አሁን ማረጋገጥ አይቻልም። የተረጋገጠው ይህ ነው፦ በሚቀጥለው ቅዳሜ መደቧ ላይ ምስር ዘረጋች፤ ከዚያ በኋላ ማር ሸጣ አታውቅም።