ሃይድሮጂን፣ አንድ ሲሊንደር፣ ሙሉ

ሞባይል ገና የሀብታም ዕቃ በነበረበት ጊዜ፣ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ባለቤቴ ጋምቤላ ሲመደብ፣ ትምህርት ሳይጀመር ብሎ የስድስት ዓመት ልጃችንን ይዟት ሄደ። የእኔም ዝውውር ስለተፈቀደ፣ ንብረቴን አስረክቤ፣ ክሊራንሴን ጨርሼ በወሩ ልከተላቸው ተስማማን። ቂርቆስ ያለውን የቤታችንን ዕቃ ጭኜ ልኬላቸው በአንድ ፍራሽና በአንድ ድስት ቀረሁ።

ወንበሩን፣ መደርደሪያውን፣ መቀሱን ሳይቀር አስረከብኩ። የቀረው በስሜ የተመዘገበው «ሃይድሮጂን፣ አንድ ሲሊንደር፣ ሙሉ» ብቻ ነበር። ከእኔ የሚረዝም ቀይ ብረት ነው። ለላቦራቶሪው ተገዝቶ በፒካፕ ሲመጣ፣ ጫኞቹ ይፈነዳል ብለው አብረውት ኋላ አንቀመጥም አሉና በእግራቸው ተከተሉት። የሚጠቀምበት መሣሪያ ስለተበላሸ ግቢው ጥግ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዓመታት ተቀመጠ።

ተረካቢዋ ውስጡ ያለውን ሳላይ አልፈርምም አለች። አልፈረድኩባትም፤ እኔ ሳላይ ፈርሜ ምን እንዳተረፍኩ ይኸው። ኬሚስታችን መለኪያ ሲገጥምበት ዜሮ አሳየ። ይህ ሰውዬ ሃይድሮጂን የነገ ነዳጅ ነው፣ መኪና ይነዳል እያለ ሲያደነቁረን የኖረ ነው። ያን ቀን ግን ዋናው ችግር ማቆየቱ ነው አለኝ፤ ከሁሉ የቀለለ ጋዝ ስለሆነ በላላ ቫልቭ ቀስ በቀስ ሾልኮ ያልቃል።

ለንብረት ኮሚቴውም ይህንኑ አስረዳ። ሰብሳቢው በትዕግሥት አዳምጠውት ወደ እኔ ዞሩ።

«እሺ፣ ወጣ እንበል። መውጫ ወረቀቱ የታለ?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም።

አራት ወር እንዲህ አለፈ። አንዴ የኮሚቴው አባል ፊልድ ወጥቷል፣ አንዴ ቃለ ጉባኤው አልተጻፈም። ጠረጴዛዬን ለተረካቢዋ ስለሰጡ ኮሪደር ላይ እየተቀመጥኩ እውላለሁ። የዓመት ፈቃድ ስጠይቅ ጉዳዩ ያልተዘጋ ሠራተኛ አይወጣም ተባልኩ። ታፍኜ ነበር፤ ያንን ብረት ባየሁት ቁጥር በእርግጫ ማለት ያምረኝ ነበር። እነሱ ቤት ስልክ ስለሌለ፣ እሁድ እሁድ ከቴሌ ቢሮ እየደወሉ በጎረቤቴ ስልክ ያገኙኛል። ልጄ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ ጋዙ ተገኘ ወይ እያለች ነበር።

በመጨረሻ ሰብሳቢው መላ አገኙልኝ። ጋዙ በእኔ ቸልተኝነት እንደወጣ አምኜ ከፈረምኩ ፋይሉ ይዘጋል። ውሸት ነው፤ ፈረምኩ። እሁድ ለልጄ ቅዳሜ እንደምደርስ ነገርኳት። መንገዱ ሁለት ቀን ስለሚፈጅ ለዓርብ ማለዳ ትኬት ቆረጥኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ወረቀቴን ይዤ አስተዳደር ገባሁ። ኃላፊዋ ፋይሌን አገላብጣ ቀና አለች።

«እህቴ፣ ጥፋቱን ያመነ ሠራተኛ እኮ ዝውውር አይሰጠውም። ለሁለት ዓመት።»

እነሱ ዘንድ የምደውልበት ስልክ ስለሌለ አልመጣም ብዬ ልነግራቸው አልቻልኩም። ቅዳሜን ፍራሼ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። እሁድ ሲደውሉ ቀድማ ስልኩን የያዘችው ልጄ ነበረች።

«እማዬ፣ ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ፈለግኩሽ» አለችኝ።