ቦዩ መሃል የቀረው ሽምግልና

ስልኬ ሲጠራ ሰመራ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል ተንበርክኬ እጸልይ ነበር። ጾም ይዣለሁ። ያን ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ከካምባ ተነስተው እኔን ለልጃቸው ሊጠይቁ ወደ አባቴ ቤት ይሄዱ ስለነበር፣ ከማለዳ ጀምሬ "ጌታ ሆይ፣ መንገዳቸውን አቅናላቸው" እላለሁ። ከታናሽ እህቴ በቀር ማንም ቢደውል ላላነሳ ወስኛለሁ። የደወለችው እሷ ነበረች።

"ሽማግሌዎችሽ መጥተዋል" አለችኝ።

"ተመስገን!"

"ቆይ፣ ገና አታመስግኚ። ቤት አልደረሱም። ቦዩ መሃል ናቸው።"

"ወድቀው?"

"ኧረ ቆመው!"

ቤታችን ከአርባ ምንጭ ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚወስደው መንገድ፣ ከመስኖው ቦይ ማዶ፣ ሙዝ ውስጥ ነው። የተቆረጠው ሙዝ በጠፍጣፋ ጀልባ በቦዩ ላይ ስለሚጓጓዝ፣ ጀልባ በመጣ ቁጥር የእግረኛው ድልድይ ገለል ማለት አለበት። ለዚህ ሲባል የሰፈራችን በያጅ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ድልድይ ሠራልን። ማጠፊያው በመንገዱ በኩል ተተክሏል፤ ሌላው ጫፍ ቦዩን ተሻግሮ በእኛ በኩል ካለው መንጠቆ ጋር ይያያዛል። ድልድዩን ለማዞር በመንገዱ በኩል ያለውን ረጅም ቧንቧ መግፋት ነው። መከራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የገፋው ሰው ማዶ ይቀራል፣ መንጠቆውን የሚያስገባው ሰው ደግሞ ወዲህ መገኘት አለበት። ማጠፊያው ደለል ሲገባበት ጎረምሶች ተረባርበው አይነቀንቁትም፤ ማንም ሳይፈልገው ግን በነፋስ ብቻ ውልቅ ብሎ ይሄዳል። እናቴ "ይሄ ድልድይ አልዳነም፣ ይጸለይለት" ትላለች።

መንጠቆው፣ ቤታችን ቅርብ ስለሆነ፣ የአባቴ ኃላፊነት ነው። ያን ቀን ግን ተቸገረ። ሽማግሌ ሲመጣ ሮጦ መንጠቆ ማስገባት ልጁን ለመስጠት የቸኮለ አባት ያስመስላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንዳላየ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ከደጋ የወረዱ ሰዎች ናቸው፤ ድልድይ ሁሉ ባለበት የሚቆም መስሏቸው ቡልኳቸውን ሰብስበው ገቡ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ መንጠቆ ያልገባለት ድልድይ ይዟቸው ሄደ። መሃል ላይ ደለሉ ያዘውና ቀጥ አለ።

እኔን የጨነቀኝ ውሃው አልነበረም። ትልቁ ሽማግሌ ከካምባ ሲነሳ "ጉልበቴ የሚበቃው ለአንድ መንገድ ነው፤ ዛሬ ካልሆነ ከእንግዲህ እኔ የለሁበትም" ብሎ ነበር። እሱ ከቀረ ሌሎቹም ይቀራሉ፤ እኔም እቀራለሁ።

"አባባ ወጣ" አለች እህቴ። "ስልኩን ላቅርብልሽ።"

ንግግሩ በጋሞኛ ነበር። ከከተማ ያመጣቸው የባጃጅ ሾፌር ብቻ፣ ማዶ ቧንቧውን ታቅፎ፣ በአማርኛ ይጮሃል፦ "ፋዘር! እንዳትንቀሳቀሱ!"

"ወዴት እንንቀሳቀስ?" አለ ትልቁ ሽማግሌ። "ለመሆኑ እዚህ አዞ አለ?"

"እስካሁን አልመጣም" አለ አባቴ።

"እስካሁን?"

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ያንን ጉሮሮ አውቀዋለሁ፤ ሥርዓት ሊያስከብር ሲል ነው እንዲያ የሚጠርገው።

"አባቶቼ፣ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?"

በሥርዓቱ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው፤ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። በዚህ በኩል ምንም የጎደለ አልነበረም። ትልቁ ሽማግሌ ከቦዩ መሃል የልጁን ወገን፣ ትምህርቱን፣ እምነቱን አንድ በአንድ ተናግሮ "ልጅህን ለልጃችን ስጠን" አለ።

"ሰምቻለሁ" አለ አባቴ። "ከቤተሰቤ ጋር ልምከርበት። ሂዱና ሌላ ቀን ተመለሱ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሽማግሌ የሚባለው ይኸው ነው። ማንም አይቀየምም፤ ሄዶ ይመለሳል።

"በምን እንሂድ?" አለ አንደኛው ሽማግሌ በቀጭን ድምፅ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ እንደገና ተንበረከክሁ። "ጌታ ሆይ፣ አባቴን አለስልሰው። እሱ እምቢ ካለ ድልድዩን።"

"ኧረ ሄዱ!" ብላ ጮኸች እህቴ።

ሾፌሩ ቧንቧውን በትከሻው ቢገፋው፣ ድልድዩ ሽማግሌዎቹን እንደያዘ ተፈናጥሮ ማዶ ካለው ዳር ጋር ተላተመ። ነጥሮ ተመለሰና መሃል ላይ ደግሞ ቆመ።

"ይኸው ሄድን" አለ ትልቁ ሽማግሌ እያለከለከ፤ "ተመልሰንም መጣን።"

አባቴ አሰበበት። "መሄዱንስ ሄዳችኋል" አለ። "እኔ ግን ገና አልመከርኩም።"

"ታዲያ ምከር!" አለ ሾፌሩ።

"አንተ ደግሞ ማን ነህ?"

"ሾፌሩ ነኛ! ሌላ ኮንትራት አለብኝ!"

አባቴ እናቴን ሊያማክር ዞር ቢል እናቴ የለችም። ስሟን እየጠራ ሳለ፣ ሾፌሩም ቧንቧውን ለቆ ላቡን ሲጠርግ፣ ድልድዩ ቀስ ብሎ፣ ልክ እንደ ጨዋ እንግዳ፣ ወደ እኛ ዳር መጥቶ መንጠቆው ሥር ቆመ። አባቴ ከልማድ የተነሣ እጁ ቀድሞት መንጠቆውን አስገባ። በገዛ እጁ ካስገባቸው በኋላ ደግሞ እንዴት ብሎ ይመልሳቸው?

"እንግዲህ ግቡ" አለ። "ልጄም የእናንተ ናት።"

በማግስቱ እሑድ ሰመራ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ቆሜ "ጌታ ማንም ሳይነካው ድልድይ አንቀሳቀሰልኝ" ብዬ መሰከርኩ። እልልታው ቆርቆሮውን ሊያነሳው ደረሰ። አሁን፣ ካገባሁ በኋላ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በጨዋታ መሃል አንድ ነገር ጣል አደረገብኝ፤ ያን ቀን እናቴ ምሳ ስታቀርብ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሶ ነበር አለኝ። እህቴን ብጠይቃት "እኔ እንደሆነ ካንቺ ጋር እያወራሁ ነበር" አለች። እናቴን ብጠይቃት "ሀለኮ ሳጥብ ነው" አለች። ሀለኮ፣ ማለትም የሽፈራው ቅጠል፣ እኛ ቤት በሳፋ ነው የሚታጠበው።

ስለዚህ በዚያ ቀን ቦዩ ዳር የነበራችሁ፣ በተለይ አንተ ባለባጃጁ፣ እባካችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ። ውሃ ውስጥ ሰው ካያችሁ አየን በሉኝ፤ ካላያችሁም አላየንም በሉኝ። ጌታ አደረገው ማለቴን አልተውም፤ "ማንም ሳይነካው" ያልኩትን ግን ሐሰት ከሆነ በጉባኤ ፊት ማረም አለብኝ። እንደጠየቅኳችሁ ግን ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ።