የቆረጥኩት የሳሙና ማስታወቂያ

ሞኝነቴን ልናገርና ይውጣልኝ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ጋሽ ለማ ሱቅ፣ አሮጌ የድምፅ ሸክላ ወደ ኮምፒውተር የምንገለብጥበት ቤት፣ ሥራ የጀመርኩ ቀን ከጓዳ በኩል በር ተደበደበ። «ክፈት! የፌደራል መርማሪዎች ነን!» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ። ግሪን ካርዴን ይዤ ብድግ!

ጋሽ ለማ በሳቅ ፍርስ አሉ። «ቁጭ በል አንተ! ሸክላው ነው። ድሮ በሬዲዮ ይተላለፍ የነበረ የወንጀል ድራማ።»

ከዚያ በኋላ እነዚያን መርማሪዎች ስሰማ ስንት ዓመት ኖርኩ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ሸክላውን በለስላሳ ብሩሽ ትጠርጋለህ። የሚስማማውን መርፌ ትመርጣለህ። ታጫውትና እንዳለ፣ ከነመንጫጫቱ ሴቭ ታደርጋለህ። ያ ኦሪጅናል ይባላል። የምታጸዳው ኮፒውን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር አንዲት ትልቅ ሴትዮ ቅርፊቱ የተነሳ የሬዲዮ ድራማ ሸክላ ይዘው መጡ። ከአንድ ጊዜ በላይ አይጫወትም። አጫወትኩት፤ ድምፁ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፣ ሸክላው ተፈረፈረ።

ያኔ ደግነቴ ተነሳ። ለእንግዳ ገለባ አይቀርብም ብዬ፣ በድራማው መሀል የገቡትን ሦስት የሳሙና ማስታወቂያዎች ቆርጬ ጣልኩ። የት ላይ? ኦሪጅናሉ ላይ! ሴቭም አደረግኩ።

ሴትዮዋ ተመልሰው መጡና ሄድፎን አጥልቀው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። መርማሪዎቹ ገዳዩን ያዙት፤ የሴትዮዋ ፊት ግን ጠቆረ።

«አባቴስ?»

«የትኛው ናቸው? መርማሪው?»

«የሳሙናው ሰውዬ! ገዳዩ ማን እንደሆነ ምን ገዶኝ? የአባቴ ድምፅ የቀረው እዚህ ሸክላ ላይ ብቻ ነው።»

ጋሽ ለማ በአማርኛ «ኦሪጅናሉን አምጣ» አሉኝ።

«ጋሼ... እሱኑ ነው ያሳመርኩት።»

«ማን አሳምር አለህ? ሙሽራ ነው?»

ላቤን ልጠርግ መሐረብ ስፈልግ እጄ ስልኬን ነካ። ያኔ ትዝ አለኝ! የሰውዬው እንግሊዝኛ ቀስ ያለ፣ ጥርት ያለ ነበር። ሶ፣ ከመቁረጤ በፊት ሦስቱንም ወደ ስልኬ ገልብጬ፣ ድራይቭ ሳደርግ አብሬው እየለፈለፍኩ አነጋገር እለማመድ ነበር። ሚስቴማ «ዛሬም ሳሙና ልትሸጥ ነው?» እያለች ትስቅብኛለች።

ከፈትኩት። ሴትዮዋ የአባታቸውን ድምፅ ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሽ ለማ ወንበር ስበው ዘፍ አሉ። እኔም እፎይ አልኩ። በዚያው ቀን ማስታወቂያዎቹን አንድ በአንድ ወደየቦታቸው መለስኳቸው።

ለዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ ኦሪጅናል አይነካም። የቱ ገለባ እንደሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ድምፁ ስልኬ ውስጥ ለምን እንደተገኘ ለሴትዮዋ ነገርኳቸው። በጣም ሳቁ። ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው «እንግሊዝኛውን ተማርበት» አሉኝ። «ሳሙናውን ግን ብታገኘውም እንዳትገዛ። አባቴ ራሱ፣ ያሳክካል እያለ፣ ቤታችን አስገብቶት አያውቅም።»